የእህትየው መዋጮ

የጃንጥላ ፋብሪካ ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። እሱ ግን አንድ ረጅም አዳራሽ፣ አዳራሹ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለች ቢሮ፣ ከጓሮ ደግሞ አንድ መጋዘን ነበር፤ ሌላ የለውም። ተሰፍተው ያለቁት ጃንጥላዎች ውኃ እየተረጨባቸው ይፈተኑና፣ እንደተዘረጉ ከጣሪያው ተንጠልጥለው ይደርቃሉ። ጣሪያው ብርሃን የሚያስገቡ ቆርቆሮዎች ስላሉበት፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር የጨርቆቹ ቀለም ወለሉ ላይ ይፈሳል። እዚያ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ሲሻገር ይውላል። ለሒሳብ ያዥዋ በመስታወቱ በኩል የሚደርሳት አረንጓዴው ነበር። አዲስ የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ ሲያያት ያመማት ይመስለውና "ምነው፣ ደህና አይደለሽም?" ይላታል። እሷም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ፣ ጃንጥላው ነው" ስትል ኖራለች።

በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም ድምር ነው የሚላት። ደረጃ ስትወጣ ደረጃውን፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ የሚያልፉትን መኪናዎች፣ ስብሰባ ላይ የተናጋሪውን ሳል ሳይቀር በሆዷ ትደምራለች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ "አንቺ እኮ ሊያገባሽ የመጣውን ሁሉ ደምረሽ ቀንሰሽ ነው የመለስሽው" እያለች ትስቅባታለች። ድምርም አትክድም።

የፋብሪካው ባለቤት የውጭ አገር ሰው ነው። በጎልማሳነቱ መጥቶ እዚሁ ሸብቷል። ሰማይ ሲጠቁር ፊቱ ስለሚበራ ሠራተኞቹ አባ ዝናቡ የሚል ስም አወጡለት፤ እሱም ወደደው። ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልገባውም፦ ሁሉን ነገር በሴት ነው የሚጠራው። ዝናቧ መጣች ይላል፤ ባንኳ ተዘጋች ይላል፤ አንድ ጊዜማ "ዘበኛዋ ፂሟን ተላጨች" ብሎ አዳራሹን ሙሉ ሥራ አስፈትቷል።

በዝናቡ ወራት መጀመሪያ፣ ጭጋግ ከመንገድ ተነሥቶ እስከ መጋዘኑ በር በገባበት አንድ ጠዋት፣ አባ ዝናቡ ድምርን ጠርቶ አንድ ደብዳቤ አሳያት። በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ማንበብ እንደማትችል ያውቃል፤ ቢሆንም ወረቀቱን በእጇ አስያዛት። ከታላቅ እህቱ ነበር የመጣው። እህትየው ሰማንያ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በአገራቸው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ለሦስት ይጋራሉ። ከጎናቸው የሚተኙት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ከሞተ ባላቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ። አሁን የድሮ ጎረቤታቸው ከቤቷ አንዲት ክፍል፣ ባሕር የምታይ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዲኖሩባት ልትሰጣቸው ተስማምታለች። ግን ዋጋው በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። ሁለት ወር እጠብቅዎታለሁ ብላቸዋለች። እህትየው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድማቸውን ገንዘብ ጠየቁ፤ የሌላ ሳይሆን የራሳቸውን።

"ገንዘቧን ትፈልጋለች" አለ አባ ዝናቡ። "ሌላ አላለችም። ያኔ የላከቻትን ብቻ። መልሺላት።"

ያኔ የተባለውን ድምር በደንብ ታውቀዋለች። ፋብሪካው ሲቋቋም ሕጉ ሁለት ባለቤት ስለሚጠይቅ፣ እህትየው በትንሽ ድርሻ ስማቸውን አስገብተው ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንዙ ሞላና ጎርፍ አዳራሹን እስከ መስኮቱ ድረስ ዋጠው። የስፌት መኪናው ሁሉ ጭቃ ጠጣ፤ ጨርቁ በሰበሰ። አባ ዝናቡ ሻንጣውን ሸክፎ ሊሄድ ሲል፣ እህትየው ከወላጆቻቸው የወረሱትን ቤት ሸጠው ገንዘቡን ላኩለት። ፋብሪካው ቆመ፤ ከሠላሳ አንዱ ሠራተኛ አንድም ሳይበተን ቀረ። እሳቸው ግን አንድም ቀን መጥተው አላዩትም።

ያን የተሸጠ ቤት ድምርም አይታው አታውቅም። ፎቶግራፉ እንኳ የለም። ነገር ግን ገንዘቡን መዝገብ ላይ ያሰፈረችው እሷ ስለሆነች፣ ቤቱ በእጇ ያለፈ ያህል ይሰማታል። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ወጥ የሆነ ዝናብ ሲመስል፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ትገባበታለች። በሩ ከባድ ነው። ደረጃው የእንጨት ነው፤ አሥራ አራት እርከን አለው፤ ዘጠነኛው ይጮኻል። ላይ ስትደርስ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ ታጥፋለች፤ መስኮቱ ተከፍቶ መጋረጃው ቀስ እያለ ይነፋል፣ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ሴትየዋ ፊቷን አዙራ አታውቅም። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ መስታወቱን ያንኳኳና የደመወዝ ቀን ይጠይቃታል፤ ቤቱም እንደመጣ ይሄዳል።

ያን ዕለት በጭጋጉ ውስጥ ባንክ ሄደች። ባንክ ቤቱ በትሕትና መለሳት፤ ወደ ውጭ ባለድርሻ የሚሄድ ገንዘብ የግብር መሥሪያ ቤቱን ማረጋገጫ ሳይዝ ንቅንቅ አይልም አሏት። በማግስቱ የፋብሪካውን መዝገቦች ተሸክማ ግብር መሥሪያ ቤት ሄደችና ቁጥሯን ይዛ ተሰለፈች። የደረሳት ኦዲተር ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው። መስኮቱ ላይ በጣሳ የተተከለች ቅጠል ነበረችው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ስለሚል ባለጉዳይ ሁሉ ወደ እሱ ጎንበስ ይላል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ኑዛዜ የሚሰማ ይመስለዋል።

ነገሩን ቀስ አድርጎ አስረዳት። ወደ ውጭ ባለቤት የሚሄድ ገንዘብ ሁለት መልክ አለው አላት። የትርፍ ድርሻ ከሆነ ከመቶ አሥሩ ለግብር እዚህ ይቀራል። ባለድርሻዋ ራሷ ያዋጣችው ካፒታል ከሆነ ግን ምንም አይቀነስም፤ ሰው ያስገባውን መልሶ ሲወስድ አተረፈ አይባልምና። ጥያቄው ይህኛው የትኛው ነው የሚለው ብቻ ነው።

"መዋጮ ነው" አለች ድምር። "ቤታቸውን ሸጠው ነው የላኩት።"

"እሺ። እንየዋ።"

የካፒታሉን መዝገብ ገለጠ። ፋብሪካው ሲቋቋም የገባው ገንዘብ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረ የለም። ኦዲተሩ ቅንድቡን አነሣና የጎርፉን ዓመት መዝገብ አገላበጠ። ገጾቹ ጭቃ ጠጥተው የደረቁ ስለሆኑ ሲገለጡ ይንኮሻኮሻሉ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ገንዘቡ እዚያ ነበር፤ ሙሉው፣ ሳንቲም ሳይጎድል። ከጎኑ የተጻፈው ግን "ልዩ ልዩ ገቢ" ይላል።

"በመዝገባችሁ መሠረት ይህ ገቢ ነው" አለ ኦዲተሩ በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ። "ገቢ ከሆነ ወደ ትርፍ ገብቷል። ዛሬ ለሴትየዋ ሲሄድ የትርፍ ድርሻ ሆኖ ነው የሚሄደው። ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?"

የ"ገ" ቅስት ወደ ታች እንደ መንጠቆ ተጎትታ ነበር። ድምር ዛሬም እንደዚያ ነው የምትጽፋት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። "ተመልሼ እመጣለሁ" ብላ መዝገቡን ሰብስባ ወጣች።

ወደ ቤት የሚወስዳት አውቶቡስ መጣ፤ አለፋት። ሌላም መጣ። መንገዱ በጭጋግ ተሸፍኖ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሁሉም የሚንሳፈፍ ይመስላል። በእግሯ ሄደች። የጎርፉ ሰሞን እያንዳንዱ ነገር እንደ ትናንት መጣባት። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከተቀጠረች ሁለት ወሯ። ዋናው ሒሳብ ሹም በጎርፉ ሳቢያ ታሞ ቀረ። መዝገቦቹን በገመድ ላይ እንደ ልብስ አስጥታ፣ አንድ አንድ ገጽ እየገለጠች ታደርቅ ነበር። ገንዘቡ ሲመጣ የት እንደሚገባ የሚነግራት ሰው አጣች። ብድር እንዳትለው ብድር አይደለም ተብላለች። የሽያጭ ገንዘብም አይደለም። ገጹ ላይ ከታች አንድ ባዶ መስመር ነበረች፤ እዚያ ጻፈችው። የዚያ ዓመት ኪሳራ ከባድ ስለነበር ገንዘቡ ኪሳራው ውስጥ ሰጥሞ ጠፋ፤ ማንም ልብ አላለውም። እሷ ራሷ ካፒታልና ገቢ ምን ያህል እንደሚራራቁ ጠንቅቃ ስታውቅ ዓመታት አልፈው፣ መዝገቡ መጋዘን ገብቶ ነበር።

ሦስት ቀን ዝም አለች። ዝም ማለት ቀላል ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው ብላ ከመቶ አሥሩን ማስቀረት ትችላለች፤ አባ ዝናቡ ሕግ ሲባል አይከራከርም፤ ጥያቄም አይጠይቅ። ግን ፋብሪካው ለዝናቡ ወራት ጨርቅ ገዝቶ የተረፈው ገንዘብ ልክ ለእህትየው የሚበቃው ብቻ ነው። ከመቶ አሥሩ ከጎደለ የእህትየው ክፍልም ትጎድላለች፤ ጎረቤቲቱ ደግሞ በቅናሽ አልሰጥም ብላለች።  ጥፋቴን ልናገር ብላ ወደ አባ ዝናቡ ትሄድና፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ ጠይቃው ትመለሳለች።

እሑድ ከሰዓት ታላቅ እህቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የጎረቤት ሱሪ ትጠግን ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጃንጥላ ሰፍታ፣ ዓይኗ ሲደክም ነው የወጣችው። ድምርን ያስተማረቻትም በዚያች የስፌት ደመወዝ ነው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

"ምን ሆነሻል? ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ስትደምሪ አላየሁሽም።"

ድምር ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ ሳታቋርጥ ሰማቻትና ሱሪውን አስቀመጠች።

"አውቀሽ ነው የጻፍሽው?"

"አይ፣ እትዬ። የት እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር።"

"እንግዲያው በሃያ አራት ዓመትሽ አላወቅሽም፤ ማንስ ያውቃል። አሁን ግን ታውቂያለሽ።" መርፌዋን ሱሪው ላይ ሰካችና ጨመረች። "ቃለ ጉባኤውንስ ለኦዲተሩ አሳየሽው?"

"የምን ቃለ ጉባኤ?"

"ውይ፣ አንቺ ያን ቀን ባንክ ተልከሽ ነበር ለካ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ገንዘቡ በደረሰ ዕለት አባ ዝናቡ ሠራተኛውን ጓሮ ሰብስቦ ነገራቸው። ዕድሜያቸው ከገፋ ሠራተኞች አንዱ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይጻፍ አይታለፍም አለ። ይጻፍ ቢባል ፋብሪካው ውስጥ አንድ ደረቅ ወረቀት ጠፋ። በመጨረሻ ጎርፉ ያልደረሰበትን ግራጫ የጃንጥላ ጨርቅ ቆረጡና፣ እጅ ጽሑፏ ያምራል የተባለችው የድምር እህት በጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ቀለም ጻፈችበት። ሁሉም ፈረመ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ስላልነበር ጨርቁ እሷው ዘንድ ቀረ።

"ታዲያ የት ደረሰ?" አለች ድምር።

እህቷ በአገጯ ወደ ስፌት መኪናው አሳየቻት። መኪናውን ሃያ ስድስት ዓመት ከአቧራ የጠበቀው ግራጫ ልብስ እሱ ነበር። ገልብጠው ሲያዩት ፊደሉ በሙሉ አለ፤ ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ቀለምም አያስወጣም። ቀኑ በግልጽ ተጽፏል። የባለቤቱ ታላቅ እህት ቤታቸውን ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ ለፋብሪካው በድርሻ መልክ ማስገባታቸውን፣ ብድርም ስጦታም አለመሆኑን፣ ገንዘቡም በዛሬው ዕለት ባንክ መድረሱን ሰምተናል ይላል። ከሥሩ ሠላሳ ስም። ድምር ስሞቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሥራ አንዱ በሕይወት የሉም። ሠላሳ አንደኛዋ እሷ ነበረች፤ ያልፈረመችው።

ሰኞ ጠዋት ጨርቁን ይዛ አባ ዝናቡ ፊት ቆመች። ስሞቹን ሲያይ ፈገግ አለ፤ አንዳንዱን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ጥፋቷን ነገረችው፤ መዝገቡንም ገልጣ አሳየችው። ፈገግታው ከፊቱ ቀስ ብሎ ጠፋ። ይቆጣል ብላ ነበር፤ አልተቆጣም።

"በየዓመቷ እጽፍላታለሁ" አለ መነጽሩን እያወለቀ። "ገንዘብሽ በስምሽ ተቀምጣለች እላታለሁ። ሃያ ስድስት ጊዜ ጻፍኩላት።"

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። በተንጠለጠሉት ጃንጥላዎች ሥር ሲሄድ በመስታወቱ አየችው፤ ራሰ በራው ላይ ቀዩ አለፈ፣ ሰማያዊው አለፈ፣ ከዚያ በሩ ጋ ነጭ ሆነና ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ሁለት ቀን ቢሮ አልመጣም። ድምር የሥራ መልቀቂያዋን ጽፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች። በሦስተኛው ቀን መጥቶ መነጽሩን አደረገና ያን የጎርፍ ዓመት መዝገብ ስጪኝ እንደማለት እጁን ዘረጋ። የመጨረሻውን ገጽ አውጥቶ ከሥር ያለውን ፊርማ አሳያት። የራሱ ነበር።

"እኔም ፈርሜያለሁ። ሳላነብ" አለ። "ጥፋቷ የሁለታችን ናት። አሁን ምን እናድርግ?"

ማድረግ የነበረባቸው የባንኩን የድሮ ደረሰኝ ማግኘት ነው። ባንኩ የድሮ ወረቀቶቹን የሚያስቀምጠው ከሕንፃው ሥር ባለ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ድምር ሃያ ሁለት እርከን ወረደች። ታች፣ እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ሳጥኖች መካከል፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ መብራት ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እሷ ናት። ከሳጥኖቹ ለስለስ ያለ የአሮጌ ወረቀት ሽታ ይወጣል፤ የውጭው ዓለም ድምፅ ቀርቶ ሰዓት እንኳ አይሰማም። ድምር እዚያ ቆማ ሳለ፣ የሰው ሁሉ ገንዘብ፣ የተላከውም የተቀበለውም፣ እዚህ ወርዶ ያንቀላፋ መሰላት።

ሴትዮዋ ቀኑን ጠየቀቻት። ድምር ከጨርቁ ላይ የገለበጠችውን ቀን ሰጠቻት። ሴትዮዋ ሹራቧን አስቀምጣ፣ መሰላል ወጥታ፣ አንድ ሳጥን አወረደች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢጫ የሆነች ሳሳ ያለች ወረቀት በሁለት ጣቷ ይዛ መጣች። ላኪ፦ የእህትየው ስም። ተቀባይ፦ ፋብሪካው። ምክንያት፦ ለካፒታል ድርሻ። ማኅተሙ ወይን ጠጅ ሆኖ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። ድምር ወረቀቷን ቆማ ሦስት ጊዜ ስታነባት ሴትዮዋ ወንበሯን ለቀቀችላት።

"ቀኑን ባታመጪ ኖሮ" አለቻት፣ "አንቺም እኔም እዚሁ ሸብተን እንቀር ነበር።"

ድምር በራሷ እጅ የሁለት ገጽ መግለጫ ጻፈች። ገንዘቡን በስህተት ገቢ ብላ ያሰፈረችው እሷ መሆኗን፣ መቼና እንዴት እንደሆነ፣ ሳታድበሰብስ አስቀምጣ ፈረመች። አባ ዝናቡም ከሥሯ ፈረመ፤ ይህኛውን አንብቦ። ኦዲተሩ መግለጫውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ደረሰኙን በብርሃን ላይ አየው። ጨርቁን ሲዘረጋለት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ፤ ስሞቹን እስከ መጨረሻው ድረስ ወረደባቸው።

"ይህን መግለጫ ባይጽፉ ማንም አያውቅም ነበር" አላት።

"አውቃለሁ" አለች ድምር።

ሁሉንም ወረቀት ከማኅደሩ ጋር ሊያያይዝ መብሻውን አነሣ። ጨርቁ አልበሳ አለ፤ እየተንሸራተተ ከመብሻው ጥርስ ያመልጣል። ኦዲተሩ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው። ድምር ከቦርሳዋ የእህቷን መርፌና ክር አወጣችና፣ ከጣሳዋ ቅጠል አጠገብ ተቀምጣ የጨርቁን ጠርዝ ከማኅደሩ ጋር ሰፋችው። ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች በበሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዱ ለሌላው፣ ግብር ከመክፈል አልፎ ልብስም ስፉ ማለት ጀመሩ ሲል ሰማችው።

ጉዳዩ ለኮሚቴ ሄደ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና ማታ ላይ ያባራል፤ የስፌት መኪናዎቹ ፋታ የላቸውም፤ ጃንጥላው እንደ ጉድ ይሸጣል። አባ ዝናቡ ግን ሰማይ ሲጠቁር ፊቱ አልበራም። እህትየው ብርድ መትቷቸው ተኝተዋል የሚል ስልክ ከመኖሪያው ተደውሎ ነበር። ድምር ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ቀኖቹን ትደምራለች፤ ከሁለት ወሩ የቀረውን ትቀንሳለች። አንዳንዴ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ስትፈዝ፣ እህትየው ሻንጣቸውን ዘግተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ሲጠብቁ ይታዩዋታል፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ከጎናቸው ያሉት ሴት ከባላቸው ጋር ሲጨቃጨቁ እያደመጡ።

ውሳኔው ሲወጣ ኦዲተሩ ራሱ ደውሎ ጠራት። ገንዘቡ የካፒታል መዋጮ መሆኑ በማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ መዝገቡ ይታረማል፤ ባስገቡት ልክ እስከሆነ ድረስ ሲመለስላቸው ግብር አይቀነስበትም። ስለተዛባው መዝገብ ፋብሪካው አነስተኛ ቅጣት ይከፍላል። ያን ቅጣት ድምር ከደመወዜ ካልተቆረጠ ብላ ድርቅ አለች፤ አባ ዝናቡ ደግሞ ፊርማዋ የኔም ናት አለ፤ በመጨረሻ ግማሽ ግማሽ ሆነ።

"አንድ ነገር ግን አለ" አላት ኦዲተሩ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሴትየዋ ባለድርሻ ከሆኑ፣ እስከ ዛሬ የትርፍ ድርሻ ለምን አልተከፈላቸውም?"

ይህን ጥያቄ ማንም አስቦት አያውቅም። ድምር ፋብሪካ ተመልሳ ለአባ ዝናቡ ነገረችው። እህቱ ምንም ስላልጠየቁ፣ ምንም የሚገባቸው አልመሰለውም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ሲገኝ ያም እንዲላክ ወሰኑ፤ እሱ እንኳ ትርፍ ነው፤ ከመቶ አሥሩ ይቀነስለታል። "ይቺኛዋ ትቀነስ" አለ አባ ዝናቡ። "ይቺኛዋ እውነተኛ ትርፍ ናት።"

ካፒታል ሲቀነስ ባለዕዳ እንዳይጎዳ በጋዜጣ ወጥቶ ሠላሳ ቀን መጠበቅ ነበረበት። ይህን ጊዜ ሁለቱ ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። አባ ዝናቡ ለጎረቤቲቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ የጋዜጣውን ቁራጭም አብሮ ላከላት። አንድ ቃል እንደማይገባት ያውቃል። ሴትየዋ ግን ቁራጩን ተቀብላ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገርማ እውነት ነው ብላ አንድ ወር ጨመረችላቸው። ሠላሳው ቀን አለፈ፤ የተቃወመ ሰው አልመጣም። ማረጋገጫው ወጣ። ድምር ባንክ ሄዳ የመላኪያውን ቅጽ ሞላች። ምክንያት የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯን ትንሽ አቆየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እየለየች፣ "የካፒታል መዋጮ ተመላሽ" ብላ ጻፈች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጭጋጉ ገፎ ሰማዩ በጠራበት አንድ ቀን፣ አባ ዝናቡ በእጁ ስልክ ይዞ ከቢሮው ብቅ አለ። እህቱ ናት አላት፤ ከአዲሱ ክፍል። አንቺን ትፈልጋለች።

"ምን ብዬ ነው የማወራቸው? ቋንቋቸውን አላውቅ" አለች ድምር።

"እሷም ያንቺን አታውቅም። ያዢ ብቻ።"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አንዲት ሴት፣ ድምፃቸው የሳሳ፣ ግን ሳቅ ያለበት፣ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። እግር ቀስ እያለ ሄደ፤ ድምር ሳታስበው እርምጃውን ቆጠረች፣ ስድስት። የመስኮት መዝጊያ ጮኸ። ከዚያ ትልቅ፣ ሰፊ ትንፋሽ መጣ፤ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መስሏት ነበር። ባሕር ሰምታ ስለማታውቅ ባሕሩ መሆኑ የገባት ቆይቶ ነው። ልትደምረው ሞከረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ግን አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት አቃታትና ተወችው። አባ ዝናቡ አጠገቧ ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ መኪናዎቹ ይሠራሉ።

እህትየው እዚያች ክፍል ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሩ። የመጀመሪያው የትርፍ ድርሻ ሲደርሳቸው ለጎረቤቲቱና ለራሳቸው አዲስ መጋረጃ ገዙበት፤ ከመቶ አሥሩ የተቀነሰበትን ደረሰኝም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ በፍሬም አድርገው ሰቀሉት። ድምር ይህን ስትሰማ ለኦዲተሩ ሄዳ ነገረችው። ኦዲተሩ ቅጠሉን ውኃ እያጠጣ ነበር፤ በሥራ ዘመኑ የግብር ደረሰኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለለት ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ነገራትና፣ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።